እትዬ ላውንደሪ ቁንጫውን ያባረሩበት ወር

ሰዓት ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ ከአቧራ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የሰው ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ነው ያሳለፈው። አንዲት ብናኝ ሰዓት ውስጥ ከገባች ሰዓቱ ይዘገያል። ስለዚህ ጠረጴዛውን በቀን ሦስት ጊዜ ይወለውላል፤ ጫማውንም በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ “እኔ ብጠፋ እስከ እራት ድረስ ትታገሠኛለህ፤ ወረንጦህ ከጠፋ ግን ሰፈሩን ታምሳለህ” እያለች ትቀልድበት ነበር። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና እሷ ያሳደገቻት ግራጫ ድመት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብታ ታስተምራለች።

ቤቱ አሮጌ ነው፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ጠንካራ ጣውላ። ሳንቃዎቹ ዕድሜ ሲጫናቸው ተራርቀው፣ በመካከላቸው ሳንቲም በቁሙ የሚገባበት ስንጥቅ አበጅተዋል። ሰዓት ሠሪው ስንጥቁን የሚያስታውሰው ብሎን ሲወድቅበት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ይራገምና ሌላ ብሎን ይፈልጋል።

በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሙ ታመመና ሊያስታምመው ሄደ። ድመቷን ደጅ አድርጎ፣ የማዕዘኑ ባለሱቅ እንዲያበላት አደራ ሰጥቶ በሩን ቆለፈ። ወንድሙ ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ እፎይ ብሎ ተመለሰ። እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ሻንጣውን አስቀምጦ መስኮት ከፈተ። ከዚያ ነጭ ካልሲው ላይ ጥቁር ነጥብ አየ። ጥላሸት መስሎት ሊያራግፈው ጎንበስ ሲል ነጥቡ ዘለለ።

ሌላ ነጥብ መጣ። ቀጥሎ ሦስት። እግሩን ሲያነሣ ካልሲው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። አንዱን በወረንጦ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አደረገና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። ቡናማ ነው፤ ጎንና ጎኑ የተጨፈለቀ፣ የኋላ እግሮቹ እንደ ሞላ የታጠፉ። ሰዓት ሠሪ ነውና ለአፍታ አሠራሩን አደነቀ። ቁንጫ መሆኑ የገባው ከአድናቆቱ በኋላ ነው፤ ፊቱ ጋለ።

ቁንጫ የሰነፍ ቤት ነው ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። የከተማው ሰው ሰዓቱን የሚያምነው በንጽሕናው ነው። ይህ ቢሰማ ምን ይባላል? ለማንም ላለመናገር ወሰነ።

መጀመሪያ ፍሊት ገዝቶ ሦስት ቆርቆሮ ነፋ። እሱን ሁለት ቀን ራሱን አመመው፤ ቁንጫው ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ውኃ በትልቅ ድስት አፍልቶ ወለሉ ላይ ደፋ። ጣውላው ውኃውን ጠጥቶ አበጠ፤ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ፤ ቁንጫው ግን እንደነበረ ነው። ደንበኞቹን ወደ ቤት ማስገባት ተወና “ቤቱን እያደስኩ ነው” እያለ በመስኮት ይቀበላቸው ጀመር። ሥራው ራሱ ተበላሸ። እጁ ፀጥ ማለት ባለበት ሰዓት ቁርጭምጭሚቱን ይነክሱታል፤ እግሩ ሲወራጭ እጁ ይዘላል፤ ብሎኑ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሳምንት ሰባት ብሎን ጠፋ።

የከፋው ግን የልጁ ስልክ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ያህል ቀርቷታል፤ ባሏ በሥራው ምክንያት ከቤት ርቆ ስለሚሰነብት፣ ከወለደች በኋላ አባቷ ጋ መጥታ ልትቆይ ተነጋግረው ነበር።

“አባዬ፣ የሕፃኑን አልጋ እዚያው ልግዛ ወይስ ይዤ ልምጣ?”

“ቆይ እስቲ፣ ልጄ” አላት። “ቤቱ እድሳት ላይ ነው። ምናልባት የባልሽ እናት ጋ ብትሆኚ...”

 “እሺ አባዬ” አለችና ወዲያው ዘጋች። ድምፅዋን ያውቀዋል። ከፍቷታል። ስልኩን እንደያዘ ተቀመጠ፤ ያን ዕለት አንድም ሰዓት አልነካም።

ከግድግዳው ወዲያ ማዶ እትዬ ላውንደሪ ይኖራሉ። ስማቸው ይኼ አይደለም፤ ግን ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ አጣቢ ስለነበሩ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው፤ እሳቸውም “አቤት” ይላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጣቶቻቸው ከበረኪና ብዛት ነጥተዋል፤ ዕድሜያቸውን የሚጮህ ማሽን አጠገብ ስለቆሙ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሰላምታቸው አጥር ተሻግሮ ሦስተኛ ቤት ይደርሳል። ሰዓት ሠሪው ፀጥታ ወዳድ ነውና ሲመጡ ባየ ቁጥር ወደ ሰዓቱ ያቀረቅር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲጎራበቱ ከ“እንዴት አደሩ” ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

አንድ ቀን ጠዋት እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ሊወስዱ መጡ። እሱ በመስኮት አቀበላቸው።

“ምን ነው በመስኮት? ሌባ ነኝ?”

“ቤቱን እያደስኩ ነው፣ እትዬ።”

“የቀለም ሽታ የለም። የፍሊት ሽታ ግን አለ።” በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። እሱ ቆሞ በግራ እግሩ ቀኙን ያክ ነበር፤ ልማድ ሆኖበት አላወቀውም። “ቁንጫ ነው ወይስ ትኋን?”

“እትዬ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ መንገደኛ ይሰማል።”

“ይስማ። ትኋን ከሆነ ብዙ ሥራ ነው። ቁንጫ ከሆነ ግን ለእኔ ተወው።”

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ። “ቁንጫ ነው” አለ፤ ከአፉ ሲወጣ የሞት ዜና የሚያረዳ ይመስል ነበር።

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በል በሩን ክፈት።”

ከፈተ። እትዬ ላውንደሪ ግን ወዲያው አልገቡም። ቤታቸው ሄደው እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ካልሲ አድርገው ተመለሱና፣ በእያንዳንዱ ክፍል እኩል እርምጃ እየተራመዱ ወጡ። ከየክፍሉ በወጡ ቁጥር ደጅ ላይ ቆመው ካልሲያቸው ላይ ያለውን እየቆጠሩ አራገፉ። መኝታ ቤት አራት፣ ኩሽና ሁለት፣ የፊት ክፍል ዘጠኝ። ሶፋው ያለበት ሳሎን ግን ሠላሳ አንድ።

“ድመቷ የምትተኛው ሶፋው ሥር ነው አይደል?”

“አዎ። ግን እኔ ስሄድ እኮ ቤቱ ደህና ነበር።”

“ደህና አልነበረም። ያን ጊዜ የሚበሉት ድመቷን ስለነበር አንተን አልነኩህም። አንተም እሷም ስትሄዱ፣ እንደ ሐር ትል ጎጆ ሠርቶ የተጠቀለለው ተኝቶ ጠበቀ። ኮቴህን ሲሰማ ‘እንግዳ መጣልን’ ብሎ ሁሉም ባንዴ ወጣ።” ቁጢጥ ብለው በጥፍራቸው ስንጥቁን ጫሩ። ግራጫ አቧራ ወጣ፤ በውስጡ እንደ ጨው የነጡ ቅንጣቶችና እንደ ክር የቀጠኑ ትሎች ነበሩ። “ተመልከት። የሚዘለው ጥቂቱ ነው። ዕንቁላሉም፣ ትሉም፣ ጎጆ የሠራውም እዚህ ውስጥ ነው። ፍሊትህ ከላይ ያልፋል። ውኃህ ደግሞ ጣውላውን ያበላሻል እንጂ እነሱን አያሰጥማቸውም።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ጣውላ ደግ ነው፤ መደበቂያው ስንጥቁ ብቻ ነው። ስንጥቅ ደግሞ ይቆጠራል። ቁጠረው።”

ቆጠረው። ሳሎኑ ብቻ አርባ ስምንት ሳንቃ ነበረው።

ሥራው በዚያው ቀን ተጀመረ። ድመቷን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷትና ማጅራቷ ላይ መድኃኒት ጠብ ተደረገላት። ሐኪሙ በየወሩ እንድትመጣ አዘዘ። ድመቷ ሁለቱንም ቧጠረቻቸው። እትዬ ላውንደሪ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሶፋውን ልብስና መጋረጃውን ሁሉ ጠቅልለው ቤታቸው ወስደው በፈላ ውኃ አጠቡ፤ ፀሐይ ላይ አሰጡ፤ ጠርዝ ጠርዙን በካውያ ተኮሱ። ከዚያ ሆስፒታሉ አሮጌ ብሎ ሊጥለው ሲል ለምነው ያስቀሩትን አቧራ መሳቢያ ቫኪዩም እየጎተቱ መጡ። ማሽኑ ሲነሣ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ከወለሉ ላይ መጥረግ ቻለ፤ ከስንጥቁ ውስጥ የተጠቀጠቀውን አቧራ ግን መሳብ አቃተው።

እዚህ ላይ ሰዓት ሠሪው የሚችለውን አገኘ። ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ያወጣው ሰፊ ሞላ ነበረው። ቆርጦ፣ ጫፉን በእሳት አግሎ አጠፈውና የእንጨት እጀታ አበጀለት። ቀጭን ስለሆነ ስንጥቁ ውስጥ እስከ ታች ይገባል፤ ጫፉ ስለታጠፈ አቧራውን እየጎተተ ያወጣል፤ ጣውላውንም አይጭረውም። እትዬ ላውንደሪ በእጃቸው ይዘው አገላበጡት።

“እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ዕቃ የሰጠኝ የለም” አሉ።

ለሁለት ተከፋፈሉት። እሱ የታጠፈ ፎጣ ላይ ተንበርክኮ ስንጥቁን ይጭራል፤ እሳቸው ቫኪዩሙን ይዘው ይከተሉታል። ስንጥቁ ሲያልቅ የማሽኑን ከረጢት ወዲያው ደጅ አውጥተው፣ በላስቲክ አሥረው ይጥሉታል። “ቤት ውስጥ ካደረ ተመልሶ ይወጣል” ይላሉ። ከአቧራው ጋር የሠላሳ ስድስት ዓመት ብሎን ወጣ፤ የሰዓት ጥርስ፣ ዘንግ፣ የሚስቱ መርፌዎች፣ አንድ የልጁ የወተት ጥርስ። ሰዓት ሠሪው ጥርሷን በመዳፉ ይዞ ብዙ ቆየ። እትዬ ላውንደሪ ማሽኑን አጥፍተው ጠበቁት። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብለው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር።

“ልጄ ልትመጣ ነበር” አለ። “ልትወልድ ነው። አትምጪ ብዬ አስከፋኋት።”

“ቁንጫ ነው ብለህ አልነገርካትም?”

“አፈርኩ።”

“አይ አንተ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በል ተነሣና ደውል።”

እዚያው አጠገባቸው ቆሞ ደወለ። “ልጄ፣ እድሳት ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቤቱን ቁንጫ ወርሮታል” አላት። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። “አባዬ፣ እኔ እኮ እማዬ የሌለችበት ቤት ሕፃን ማየት የከበደህ መስሎኝ ነበር” አለችው። ሰዓት ሠሪው “ኧረ አይደለም ልጄ፤ ነይልኝ” አላት። እትዬ ላውንደሪ ስልኩን ከእጁ ተቀበሉና፣ ያለ ስልክም ከከተማ ከተማ በሚሰማ ድምፅ፣ “አንቺ ልጅ፣ በደህና ውለጂ። ወለሉን ለእኔ ተዪው” አሏት።

በየማታው ሻይ እንደጠጡ፣ እሳቸው ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ዝርግ ሳህን ያስቀምጣሉ። ውስጡ ውኃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ከላዩ ትንሽ መብራት ይበራል። ቁንጫው ብርሃኑንና ሙቀቱን አይቶ ሲዘል ሳሙናው ውስጥ ይወድቃል። ጠዋት ሲነጋ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ሰክቶ ይቆጥራል፤ ለደንበኛ ቀጠሮ በሚጽፍበት ደብተር ጠርዝ ላይ ይጽፋል። ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት። ሥራው በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን ሳህኑ ባዶ ነበር። ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ሲያፏጭ ያየው ባለሱቅ ምን እንዳገኘ ጠየቀው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ሳህኑ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቁንጫ ነበር።

በዚያው ዕለት ስልክ ተደወለ። ልጁ ቀኗ ሳይሞላ በሁለት ሳምንት ቀድማ በሰላም ወልዳለች፤ ሴት ናት። ደስታውና ድንጋጤው ተደባልቆበት ወደ እትዬ ላውንደሪ በር ሄደ። እዚያ ቤት በራፍ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር።

“ወለደች” አለ፤ “ቁንጫውም ተመለሰ። ሌላ ቤት ልከራይላት መሰለኝ።”

እሳቸው መጀመሪያ አቅፈው ሳሙት። ከዚያ፣ “ለቁንጫ ተብሎ ቤት አይለቀቅም። ስንት ናቸው?” አሉ።

“አሥራ ዘጠኝ።”

“ጎበዝ። ከጎጆ የወጡት ናቸው። ጎጆ ውስጥ እያሉ መድኃኒትም አያገኛቸው፤ ማሽንም ነቅሎ አይወስዳቸው። የሚያስፈልገው እንዲወጡ መጥራት ነው። ካልወጡ ነበር የምፈራው።”

“እንዴት ነው የሚጠሩት?”

“በእግር ነዋ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በየጠዋቱ ወፍራም ጫማ አድርገው ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ይረግጡት ጀመር። እትዬ ላውንደሪ “ግራ፣ ቀኝ” ይላሉ፤ ሰዓት ሠሪው ይከተላል። አንዳንዴ ፍጥነቱ ሲያይል ሳቅ ያሸንፋቸውና ሶፋው ላይ ይወድቃሉ። ሰዓት ሠሪው ቤቱ ውስጥ ሲስቅ ራሱን ሰምቶ ደነገጠ። ከረገጡ በኋላ ቫኪዩሙ ይነሣል፤ ማታ ሳህኑ ይቀመጣል። አሥራ አንድ፣ ሰባት፣ ሦስት፣ አንድ።

ከእነዚህ ጠዋቶች በአንዱ፣ እያረፉ ሳለ፣ በሆዱ ይዞት የቆየውን ጠየቃቸው። “እትዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰላም ከማለት በቀር ምንም ያላደረግሁልዎ ሰው ነኝ። ለምን እንዲህ ይደክማሉ?”

እትዬ ላውንደሪ ጣቶቻቸውን አዩ። “ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ አጥቤአለሁ። ደም ያለበት፣ ላብ ያለበት፣ የወለደች ሴት፣ የሞተ ሰው። ከላይ ከሕሙማን ክፍል በሰፊ ቱቦ ይወርድልናል፤ እኛ አጥበን፣ አጥፈን በጋሪ እንልካለን። አንድም ቀን ማን እንደሚተኛበት አላየሁም። ጡረታ ስወጣ የቆጨኝ ይኼ ነው። አሁን የአንተን ቤት ሳጸዳ ማን እንደምትተኛበት አውቃለሁ። ትመጣለች፤ አያታለሁ።”

ሰዓት ሠሪው ተነሥቶ ሻይ ቀዳላቸው።

በተከታታይ ስምንት ጠዋት ሳህኑ ባዶ ሆነ። ያኔ ስንጥቁን መዝጋት ጀመሩ። የሰፈሩ አናጺ አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ሰጣቸው፤ ከኮላ ጋር ለውሰው፣ ስንጥቅ በስንጥቅ እየጠቀጠቁ ሞሉት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ከላዩም ሰም ቀቡት። ያበጠው የመኝታ ቤት በር ደርቆ ወደ ልኩ ተመለሰ። እትዬ ላውንደሪ ነጭ ካልሲያቸውን አድርገው ከክፍል ክፍል ተራመዱ፤ ደጅ ወጥተው እግራቸውን አነሡ። ነጭ እንደሆነ ነው።

ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ የመጣችው አባቷ ከወንድሙ ቤት በተመለሰ ልክ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ገና በሩን ስታልፍ ቆመች። “ወለሉ ምን ሆነ?” አለች፤ እሱም ከእንጨት ሽታ በቀር ምንም የማይሸተውን ቤት በኩራት አስጎበኛት። እትዬ ላውንደሪ እጃቸውን እስከ ክርን ታጥበው መጥተው ነበር። ሕፃኗን ተቀብለው አቀፏት። ለእሳቸው ሹክሹክታ በሆነ ድምፅም፣ “አንሶላዋን እኔ ነኝ ያጠብኩት” አሏት እናቷን። ሕፃኗ አልነቃችም፤ ይኼ ለሰፈሩ ትልቅ ዜና ነበር።

ሰዓት ሠሪው ከዚያ ወዲህ መደበቅ ተወ። ደንበኛ ሲመጣ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ወለሉ እንዴት አማረ ሲሉት “ቁንጫ ወርሮኝ ነበር” ይላል፤ ልክ ጉንፋን ይዞኝ ነበር እንደማለት። የሚያስገርመው የሰው መልስ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት፣ ሁልጊዜ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ “የእኔም ቤት ነበረ... አሁንም አለ መሰለኝ” አሉት። ባለሱቁም እንዲሁ። ሰዓት ሠሪው አምስት ያህል መጫሪያ ከአሮጌ ሞላ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ ለፈለገ ያውሳል። “አሠራሩን ግን እትዬ ላውንደሪን ጠይቁ፤ ቀስ ብለው እንዲናገሩ አትለምኗቸው፤ አይችሉበትም” ይላል።

ልጁ ሁለት ወር ተቀምጣ ልትመለስ ስትዘጋጅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው አንሶላ ከገመድ ላይ ሲያወርድ እትዬ ላውንደሪ በአጥሩ በኩል አዩት። እንደ ጨርቅ ኳስ ጠቅልሎ ሊገባ ሲል ጠሩት፤ በሩን ከፍተው መጡና አንዱን ጫፍ ያዙ።

“ጠበቅ አድርገህ ያዝ። አሁን ወደ እኔ ና።”

መጣ። ጫፉን ተቀበሉት፤ ጎንበስ ብለው እጥፋቱን አነሡ፤ እንደገና ወደ ኋላ ሄዱ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንሶላው አንድ ክንድ ሲሆን ሰዓት ሠሪው በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

“እትዬ” አለ፤ “አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም።”

“አላልክም” አሉ።

“እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ልጄም፣ ስለ ልጇም።”

“አሜን” አሉ እትዬ ላውንደሪ፤ ድምፃቸው ሦስተኛ ቤት ደረሰ። “በል የቀረውን አምጣው፤ ገመዱ ላይ ሌላ ሦስት አለ።”